«ካልፈሩሽ አይታዘዙሽም» ለተባለችው ሱፐርቫይዘር

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው። ዋና ዋናውን ላስቀምጥ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ ካለፈው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የአንድ ላይን ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። ከሥሬ አርባ የሚሆኑ ልጆች አሉ። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ አማርኛ በደንብ አይችሉም፣ እኔም የእነሱን ቋንቋ አልሰማም። ደመወዝ በወጣ ማግስት ይቀራሉ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ አይመለሱም። ታመምኩ የምትለውም ብዙ ናት። የምግባቸው ነገር ያሳዝናል፤ የማታ ፈረቃ ላይ አንዳንዴ ያልቃል። እኛ ሱፐርቫይዘሮች ለብቻችን ነው የምንበላው። አንድ ቀን ሰብስቤ ስለ ኤክስፖርት፣ ስለ ዶላር፣ ስለ አገር ዕድገት ተናገርኩ። ከኋላ ሳቁብኝ። አለቃዬ የቀድሞ ወታደር ነው። ‹ወታደር ቤት ነው ብለሽ አስቢ፤ ካልፈሩሽ አይታዘዙሽም› ይለኛል። በእሱ ምክር ጎበዝ ጎበዞቹን ለይተን ለብቻ ላይን አደረግናቸው፣ ቦነስም ጨመርንላቸው። አሁን የቀሩት ‹ለምርጦቹ ንገሪ› ይሉኛል። እኔ ለስላሳ ነኝ፣ መጮህ አልችልበትም። እንደ ወታደር ልሁን ወይስ ወደ ማሽኔ ልመለስ? — ግራ የገባኝ»

ውድ እህቴ፣

አለቃሽ ወታደር ቤትን ማንሳቱ ደስ ብሎኛል። እኔም በዚያው ልሂድ። ግን «ካልፈሩሽ አይታዘዙሽም» የሚለው አባባል ከጦር ሜዳ የመጣ አይመስለኝም። ከካምፕ የመጣ ነው፤ ተኩስ ከሌለበት፣ አለቃ ጫማውን ከሚያስጠርግበት ካምፕ። ጥይት በሚያፏጭበት ቦታ ከፊት ያለው ጠላት ከአለቃ በላይ ያስፈራል። አለቃውን ብቻ ፈርቶ የቆመ ወታደር የባሰ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣበት ይሮጣል።

አንድ ሰው ላስተዋውቅሽ። ዊልያም ስሊም ይባላል፤ የእንግሊዝ ጄኔራል ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። በ1891 ተወለደ። ቤተሰቦቹ ሀብታም አልነበሩም። ወታደር ከመሆኑ በፊት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ የብረት ቱቦ በሚሠራ ድርጅት ውስጥም በጸሐፊነት ሠርቷል። ከታች ተነስቶ አለቃ መሆን ያንቺ ብቻ ታሪክ አይደለም ለማለት ነው።

ይህ ሰው እኛ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ነበር። በ1940 መጨረሻ አንድ የሕንድ ብርጌድ ይዞ ከሱዳን በኩል ገላባትንና መተማን ከጣሊያን ሊያስለቅቅ አጠቃ። መተማ ያልኩሽ ያው አፄ ዮሐንስ የወደቁበት መተማ ነው። ገላባትን ያዘ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ታንኮቹ ፈንጂና ድንጋይ ላይ ቀሩ። የጣሊያን አውሮፕላኖች ከላይ ደበደቡት። ከአንዱ ሻለቃ የተወሰኑ ወታደሮች ደንግጠው ወደ ኋላ ሮጡ። ስሊም አፈገፈገ፤ መተማም በጣሊያን እጅ ቀረች። ከጦርነቱ በኋላ ሲጽፍ ግን በሮጡት ላይ አላላከከም። ከሁለት ምርጫ ጥንቃቄ የበዛበትን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ ብሎ አሰፈረው። ጄኔራሎች ማስታወሻ ሲጽፉ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው በሞተ ሰው ላይ ነው።

በ1942 ደግሞ በርማ፣ ማለትም የዛሬዋ ሚያንማር ተላከ። እዚያ የጠበቀው ሽንፈት ነበር። ጃፓኖች እያሳደዷቸው ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሕንድ አፈገፈጉ። ሲደርሱ ልብሳቸው ተቀዳዶ፣ አጥንታቸው ገጦ ነበር፤ ግን መሣሪያቸውን አልጣሉም፣ በየክፍላቸው ሆነው ነበር የሚራመዱት። ስሊም ሊሰናበታቸው ሲሄድ በጩኸት አጀቡት። በድል የመራሃቸው ወታደሮች ሲያጨበጭቡልህ ደስ ይላል፣ በሽንፈት ብቻ የመራሃቸው ሲያጨበጭቡልህ ግን አንገት ያስደፋል የሚል ሐሳብ ጽፏል።

በ1943 መገባደጃ 14ኛው ጦር ተሰጠው። አብዛኛው ሕንዳዊ ነበር፤ ሙስሊሙ፣ ሂንዱው፣ ሲኩ ሁሉ አለበት። የኔፓል ጉርካዎች፣ እንግሊዞች፣ ከምዕራብና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ወታደሮችም ነበሩበት። አንዱ የሚበላውን ሌላው አይበላም። አንዱ የሚናገረውን ሌላው አይሰማም። ያንቺ ላይን ከዚህ አንጻር ቀላል ነው፤ ሁሉም ቢያንስ ሽሮ ይበላል።

አሁን ወደ ምግቡ። ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን የያዘኝ እሱ ነው፤ አንቺ ግን በአንድ መስመር አልፈሽዋል። ከፊት ያለ አንድ ክፍል ስንቅ አጥሮት ግማሽ ራሽን ሲገባ ስሊም የራሱን ዋና መምሪያ ግማሽ ራሽን ያስገባ ነበር። በዚህ የሚተርፈው እህል እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ ራሱም ያውቀዋል። ነገር ግን መምሪያው ውስጥ ጤናማ ሆድ ያላቸው ወጣት መኮንኖች አሉ። ስንቁን የሚልኩት እነሱ ናቸው። ሲርባቸው ስንቅ የመላኩ ሥራ በጣም አስቸኳይ ይሆንባቸዋል።

ተንኮሏን አየሻት? ነገሩ «ከሕዝብ ጋር ነኝ» ለማለት ብቻ የተደረገ አይደለም። ችግሩን መፍታት የሚችለው ሰው ችግሩን በራሱ ሆድ እንዲያውቀው ነው የተደረገው። አንቺም ከነገ ጀምሮ ከልጆቹ ጋር ብዪ። ለታይታ አንድ ቀን ብቻ እንዳይሆን፤ ያኔ የባሰ ይስቁብሻል። በማታ ፈረቃም ከእነሱ በኋላ ተሰለፊ። ምግቡ ሲያልቅ ያልቅብሽ። ከዚያ ለሰው ኃይል ክፍል የምትጽፊው ማመልከቻ ሌላ ድምፅ ይኖረዋል። ስሊም ለመኮንኖቹ የሚላቸውም ይኸው ነበር፦ ወታደሮቻችሁ ሳይበሉ አትበሉም፣ ሳይተኙ አትተኙም፣ ሳይቀመጡም አትቀመጡም። ይህን ያላደረገውን ከሥልጣኑ አወርደዋለሁ ይላቸው ነበር። ዛቻው ወደ ታች ሳይሆን ወደ አለቆቹ እንደሆነ ልብ በዪልኝ።

ቀጥሎ ስለ ሕመሙ። ስሊም ጦሩን ሲረከብ ትልቁ ጠላቱ ጃፓን አልነበረም። ቆስሎ ከሚወጣ ከእያንዳንዱ ወታደር አንጻር 120 ሰው በሕመም ይወጣ ነበር። ወባ፣ ተቅማጥ፣ የቆዳ በሽታ። የወባ መከላከያው ሜፓክሪን የሚባል ክኒን ነበር። ወታደሩ ግን አይውጠውም። ወንድነትን ያጠፋል የሚል ወሬም ነበር፤ ወሬ የትም አገር ያው ነው። ስሊም ታዲያ ምን አደረገ? ክኒኑን ያልዋጠውን ወታደር አላስገረፈም። ድንገት ሄዶ አንድን ሻለቃ በሙሉ ያስመረምራል። ክኒኑን የዋጠው ከ95 በመቶ በታች ከሆነ የሻለቃውን አዛዥ ያባርራል። ሦስት አባረረ። ከዚያ በኋላ ሌላ ማባረር አላስፈለገውም፤ ነገሩ የገባቸው ሁሉ ገብቷቸዋል። በ1945 በቀን የሚታመመው ከሺህ አንድ ሰው ያህል ብቻ ሆነ።

«ታመምኩ የምትል ብዙ ናት» ስትዪ ጥርጣሬ ሸተተኝ። አንዳንዷ ትዋሽ ይሆናል። አርባ ሰው ውስጥ ግን ያ ሁሉ ሕመም ካለ አንድ ምክንያት አለው። ቁርስ ሳይበሉ ሰርቪስ ይይዛሉ? ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ የሚጠይቁት አንቺን ነው? ለዚያ ብለውስ ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ? የሁለት ሳምንት መቅሪያ ዝርዝር አውጪና ማን፣ መቼ፣ በምን ታመመች ብለሽ አንብቢው። የወር አበባ የሚያስቀራቸውም ይኖራሉ፤ ሴት አለቃ ስለሆንሽ ይህን ለመጠየቅ ከወንዱ ሱፐርቫይዘር ይልቅ ላንቺ ይቀላል።

ስለ ንግግርሽ ብዙ አልልም፤ እንኳን ሳቁ። ዶላሩ የእነሱ አይደለማ! ስሊምም ይህ ችግር ነበረበት፣ ያውም በባሰ። ወታደሮቹ በቅኝ የተያዙ ሰዎች ነበሩ። በ1943 እነሱ ከሚዋጉበት ግንባር ኋላ፣ ቤንጋል ውስጥ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ አልቋል። ለእነዚህ ሰዎች ስለ ንጉሡና ስለ እንግሊዝ ክብር ምን ብሎ ይናገራል? የእንግሊዝ ግዛት ለሕንዶች ያደረገው ነገር ከስሊም ደግነት ጋር ተደባልቆ እንዳይታይብኝ፤ ሁለቱ የተለያየ ሒሳብ ነው። ሰውዬው ግን አንድ ብልሃት ነበረው። ጂፕ ላይ ቆሞ ሲናገር አብዛኛው ወሬው ስለ ምግብ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ደብዳቤና ጦርነቱ የት እንደደረሰ ነበር። ስለ ከፍ ያለው ዓላማ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም አጠር አድርጎ። አንቺ ከመጨረሻው ነው የጀመርሽው።

ቋንቋውም አለ። በሕንድ ጦር ውስጥ የሚያገለግል እንግሊዛዊ መኮንን የወታደሮቹን ቋንቋ ተምሮ ፈተና ማለፍ ነበረበት። ስሊም ኡርዱም የጉርካዎቹንም ቋንቋ ይናገር ነበር። ቅኝ ገዢ ለማዘዝ ብሎ ይህን ካደረገ አንቺ እህታቸው ምን ያቅትሻል? አጥርቶ መናገር አይጠበቅብሽም። «ደህና አደርሽ»፣ «አመመሽ?»፣ «ጎበዝ»፣ «ይህን ፍቺውና እንደገና ስፊው»። ከዚህ ጀምሪ። ስትሳሳቺ ይስቃሉ። ይህኛው ሳቅ ያኔ ከሳቁት የተለየ ነው።

አሁን አለቃሽ ሊሰማው ወደሚገባው ክፍል ልምጣ። በ1944 ጃፓኖች ወደ ሕንድ ድንበር ተሻግረው ኢምፋልንና ኮሂማን ከበቡ። የጃፓን ወታደር በጀግንነት አይታማም፤ ስሊም ራሱ ደጋግሞ መስክሮላቸዋል። አዛዣቸው ጄኔራል ሙታጉቺ ነበር። ሁሉም በጣም የሚፈሩት ሰው ነው። ዕቅዱ የሦስት ሳምንት ስንቅ ይዞ መግባትና የቀረውን ከእንግሊዝ መጋዘን መማረክ ነበር። መጋዘኑ አልተማረከም። ዝናቡ መጣ። ወታደሩ ሣርና ቅጠል መብላት ጀመረ። ኮሂማ ላይ የነበረው የክፍለ ጦር አዛዥ ሳቶ ስንቅ ላኩልኝ ብሎ ደጋግሞ ለመነ፤ አልመጣለትም። በመጨረሻ ትእዛዝ ጥሶ ሰዎቹን ይዞ ተመለሰ። ሙታጉቺ ሦስቱንም የክፍለ ጦር አዛዦቹን ከሥልጣን አነሳ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በሰኔ መጀመሪያ የሙታጉቺ የበላይ የሆነው ጄኔራል ካዋቤ ሁኔታውን ሊያይ መጣ። ሁለቱም ዘመቻው እንዳበቃለት ያውቃሉ። ሙታጉቺ በኋላ እንደተናገረው «ይቅር» የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። አላወጣውም። ካዋቤ ከፊቴ ላይ ያነብልኛል ብሎ ተስፋ አደረገ። ካዋቤም አልጠየቀም። ተለያዩ። ዘመቻው የተሰረዘው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ያን ወር ስንት ሰው በረሃብና በወባ እንደረገፈ አስቢው። ጃፓኖች ካዘመቱት 85,000 ከሚጠጋ ሠራዊት ከግማሽ በላዩ ተጎድቷል፤ ብዙውን የጨረሰው ረሃብና በሽታ ነው። ስሊም ስለ ጃፓን ጄኔራሎች ሲጽፍ የጎደላቸው የጥይት ድፍረት አይደለም፣ ተሳስቻለሁ የማለት ድፍረት ነው ብሏል።

ሰው የሚፈራው አለቃ የሚያገኘው ይህን ነው። እውነቱ አይደርሰውም። አንቺ ላይን ላይ ይህ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ኦፕሬተር ነበርሽ። የተበላሸው ቁራጭ ከክምሩ ሥር ይደበቃል። መርፌዋ የተሰበረባት ልጅ ዝም ብላ ትቀጥላለች። ነገሩ የሚወጣው ኳሊቲ ጋ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሙሉ ካርቶኑ ይመለሳል። ስለዚህ «ተበላሸብኝ» ብላ ራሷ የመጣች ልጅ ላይ እንዳትጮኺ። መጮህ ስለማትችዪበት እዚህ ላይ ተጠቅመሻል።

የምርጦቹን ላይን በተመለከተ ከአለቃሽ ጋር ጭራሽ አልስማማም። በስሊም ዘመን ልዩ ጦር ማቋቋም ፋሽን ነበር። እሱ አይወደውም። ጎበዞቹን እየለቀመ የቀረውን ጦር ያደክማል፤ የቀረውም «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ማለት ይለምዳል ይል ነበር። ቀልዱም ጥሩ ናት፦ የንጉሥ የዛፍ ወጪዎች ጓድ አቋቁመን፣ አረንጓዴ ባርኔጣ አልብሰን፣ ከእነሱ በቀር ማንም ወታደር ዛፍ እንዲወጣ አይጠበቅም እንደማለት ነው። «ለምርጦቹ ንገሪ» ያሉሽ ልጆች ይህን ቀልድ ሳይሰሙ ደርሰውበታል። ጎበዞቹን በየቦታቸው መልሻቸው። ከእያንዳንዷ አጠገብ አዲስ ልጅ አስቀምጪ። ቦነሱ ደግሞ ላይኑ በጠቅላላ ታርጌቱን ሲመታ ለሁሉም ይሁን። ጎበዞቹ ያኮርፋሉ፤ ለእነሱ አስቀድመሽ ለብቻ አስረጃቸው።

የእኛዎቹንም ሳላነሳ አላልፍም። ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በጦርነቱ ጊዜ ከ3,000 በላይ ነበሩ። ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። አንድም ሰው ግን አልተማረከባቸውም። የሞተን ጓድ ጥሎ መመለስ ነውር ነበር። ይህን ነውር ያመጣው የመኮንኑ ጩኸት ብቻ አይመስለኝም። ጎኑ ያለው ሰው ብወድቅ ይሸከመኛል ብሎ የሚያምን ወታደር ራሱም ሰው ይሸከማል። በመጪው ወር አንዲት ልጅ ማሽኗ ላይ ራሷን ስትስት ላይኑ በሙሉ የሚያየው አንቺን ነው። መጀመሪያ የምታዪው ሰዓቱን ነው ወይስ እሷን?

ስለ ለስላሳነትሽ፦ ስሊምም የሚጮህ ሰው አልነበረም። ወታደሮቹ «አጎት ቢል» ይሉት ነበር። ግን ሦስት አዛዥ አባርሯል። ለስላሳነትና ልልነት አይምታቱብሽ። የማታልፊያቸው ነገሮች ጥቂት ይሁኑ፤ እነሱን ግን ለማንም አትለፊ፣ ለምትወጃት ልጅም ቢሆን። በሰዓት መግባትና የተበላሸውን አለመደበቅ ለጊዜው ይበቁሻል።

አንድ ነገር ግን በእውነት ልንገርሽ። ስሊም ራሽን ማዘዝ ይችል ነበር። አንቺ ደመወዝ መጨመር አትችዪም። ደመወዝ በወጣ ማግስት የምትጠፋ ልጅ ምናልባት የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ስትቀንስ ምንም አልተረፋትም። ያንን በጥሩ አመራር አታክሚውም፤ ልሞክር ካልሽም ራስሽን ትጎጃለሽ። ያንቺ ድርሻ የሄዱትን ለምን እንደሄዱ ጠይቆ፣ በወረቀት አድርጎ ወደ ላይ መላክ ነው። ላኪው። ቅጂውን ያዢ።

አለቃሽስ? ተቆጥቶ ቢያነሳሽስ? ስሊምም ደርሶበታል። በ1945 የበርማ ዋና ከተማ ራንጉን እንደተያዘች የበላይ አለቃው ከ14ኛው ጦር ሊያነሳው ሞከረ። መኮንኖቹ ሥራ እንለቃለን እስከማለት ደረሱ። በመጨረሻ የተነሳው ያ አለቃ ሆነ፣ ቦታውንም ስሊም ወረሰው። አንቺ ፋብሪካ ላይ እንዲህ ይሆናል እያልኩሽ አይደለም። ልጆቹም ላንቺ ብለው ሥራ ይልቀቁ አልልም፤ እንጀራቸው ነው። አለቃሽ ጋ ግን በባዶ እጅ አትሂጂ። «አልስማማም» ከምትዪው «ለሁለት ወር በዚህ መንገድ ልሞክር፣ የመቅሪያውንና የተበላሸውን ቁጥር በየሳምንቱ አመጣልሃለሁ» በዪው። ወታደር ቁጥር ይወዳል። ሲመችሽም በርማ ወይም ሌላ ቦታ ሳይሆን እሱ ራሱ የዘመተበትን ጠይቂው። ክፉ ቀን ላይ የተከተለው አዛዥ ማን ነበር? ለምን ተከተለው? እኔ እንደምጠረጥረው የሚያወራልሽ ስለሚያስፈራው አዛዥ አይሆንም።

ወደ ማሽንሽ መመለሱን አሁን አትወስኚ። ሁለቱ ወር ካለፈ በኋላም ልብሽ ማሽኑን ካለ ተመለሺ፤ ጎበዝ ኦፕሬተር መሆን ውርደት አይደለም። እስከዚያው የምግቡን ማመልከቻ ሰኞ አስገቢ። መልሱ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።